ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር ከወራት በኋላ፦ ፍሬኑ ይይዛል፣ ፔዳሉ ግን ብዙ አሠራኝ

መጀመሪያ ውጤቱን ልናገር። የፊት ፍሬኔን በባለ አራት ፒስተን ካሊፐርና በትልልቅ ዲስኮች ካስቀየርኩ ወራት አልፈዋል። ካሊፐር ማለት ፒስተኖቹ በዘይት ግፊት ሸራውን ከሚዞረው ዲስክ ጋር የሚያጣብቁበት ክፍል ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ደግሜ አስቀይረዋለሁ። የድሮው ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ እየሞቀ ሲሄድ ይደክም ነበር። ይሄኛው ከላይ እንደያዘ ታች ድረስ ይይዛል።

ችግሩ ፔዳሉ ላይ ነበር። ከተገጠመ ጀምሮ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል። እግሬ ከለመደው በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚይዘው። ይህን ያህል ወጪ አውጥቶ ከፋብሪካው የባሰ ፔዳል መርገጥ ያናድዳል። ስለዚህ አብዛኛው ወሬዬ ስለ ፔዳሉ ነው።

ፔዳል ለሰለሰ ሲባል ሁሉም ሰው «አየር ገብቶበታል» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ፔዳሉ እንዴት እንደሚለሰልስ ሳታዩ ከጀመራችሁ የፍሬን ዘይት ስታፈሱ ነው የምትከርሙት። ሞተሩን አጥፉና ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡት። በእያንዳንዱ ርግጫ ከፍ እያለና እየጠነከረ ከመጣ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም ሸራው ከዲስኩ ርቆ ተቀምጧል። የኋላው ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ) ከሆነ ደግሞ ሸራው አልተስተካከለም ማለት ሊሆን ይችላል። አሁን እግራችሁን ሳታነሱ በእኩል ጫና ያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ነገሩ ሌላ ነው። ዘይት የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ውጭ የሚያንጠባጥብ ነገር ካጣችሁ የፍሬን ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ፍሬኖቹ የሚገፋው ፓምፕ፣ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። እንዲህ ያለ መኪና እስኪሠራ ድረስ ይቁም። ሞተር ስታስነሱ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ቢል ግን አትደንግጡ፤ ሰርቮው (እግራችሁን የሚያግዘው ክፍል) መሥራቱን ነው የሚነግራችሁ።

የእኔ ፔዳል ሲደጋገም ከፍ ይል ነበር፣ ተይዞ ሲቆይ ግን አይሰምጥም። ማስተሩ ነጻ ወጣ ማለት ነው። የገጠሙልኝ ሰዎች አየሩን ጨርሰን አስወጥተናል ብለው ነበር። ጎማውን አውልቄ ሳይ ያልተነካ ቡሎን አገኘሁ። እንዲህ ያሉ ካሊፐሮች በዲስኩ ግራና ቀኝ ፒስተን ስላላቸው ብዙዎቹ የአየር ማውጫ ቡሎናቸውም ሁለት ነው፤ አንዱ በውጭ፣ አንዱ በውስጥ በኩል። የተከፈተው የውጩ ብቻ ነበር። በውስጠኛው በኩል የቀረው አየር እዚያው ተቀምጧል። እግረ መንገዳችሁን ቡሎኑ በካሊፐሩ አናት ላይ መሆኑንም እዩ። የግራና የቀኙ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ቡሎኑ ታች ይሆናል። አየር ደግሞ ወደ ላይ ስለሚሸሽ ዘይት ስታፈሱ ብትውሉ አይወጣም።

አየር ስታስወጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ማስተሩ የቆየ ከሆነ ፔዳሉን እስከ ወለሉ አትርገጡት። ጎሚኒው ደርሶበት የማያውቅ፣ ዝገትና ቆሻሻ የያዘ ቦታ ላይ ይሄድና ይቆረጣል። ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስገባት ይበቃል። የፍሬን ዘይቱንም በአዲስ ዶት 4 ቀየርኩ። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከቁልቁለት በኋላ ብቻ የሚለሰልስ ፔዳል ካላችሁ መጀመሪያ የዘይቱን ዕድሜ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ስፖንጅነቱ ጠፋ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆነ፤ ግን አሁንም ረጅም መንገድ ሄዶ ነው የሚይዘው። ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ካሊፐሬ ተንሸራታች ነበር፤ በአንድ ጎን ብቻ አንድ 54 ሚሊሜትር ፒስተን ነበረው፣ የሌላውን ጎን ሸራ ካሊፐሩ ራሱ እየተንሸራተተ ይስበዋል። አዲሱ በእያንዳንዱ ጎን 40 እና 44 ሚሊሜትር ፒስተኖች አሉት። ሁለቱን ስታወዳድሩ የአዲሱን አንድ ጎን ብቻ ነው የምትቆጥሩት፤ አራቱንም ከደመራችሁ ሒሳቡ ይሳሳታል። የድሮው ፒስተን ስፋት ወደ 2,290 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ የአዲሱ ወደ 2,780። ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል። ያን ሁሉ ፒስተን ለመግፋት ብዙ ዘይት ያስፈልጋል። ዘይቱን የሚልከው ማስተር ግን ያው የድሮው፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 22.2 ሚሊሜትር የሆነው ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ረዘም ብሎ መውረድ ግዴታው ነው። የቱንም ያህል አየር ብታስወጡ ይህ አይለወጥም።

ለዚሁ መኪና ከባድ ሞዴል የተሠራ 23.8 ሚሊሜትር ማስተር አገኘሁ። በአንድ ርግጫ 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዘይት ይልካል። ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ብሎ መያዝ ጀመረ። ይህ በነጻ አይመጣም። ማስተሩ በሰፋ ቁጥር ያንኑ ግፊት ለማግኘት እግር ጠንከር ብሎ መርገጥ አለበት። የኋላው ፍሬን ደግሞ ፒስተኑ ስላልጨመረ ድርሻው ይቀንሳል። እኔ የፊት ዲስኩ መጠን ስላገዘኝ የፔዳሉ መክበድ አላስቸገረኝም። ያም ሆኖ ፍሬን በግምት የሚነካ ነገር አይደለም፤ ይህን ሒሳብ ከሚችል መካኒክ ጋር ሥሩት።

ቆይቶ ሌላ ነገር ብቅ አለ። አንዳንዴ ከጠመዝማዛ መንገድ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ጠልቆ ይገባል፣ ሁለተኛው ደህና ነው። ይሄ አየር አይደለም። ዲስኩ ሲዞር እየተወላገደ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ተንሸራታች ካሊፐር አብሮ ስለሚሄድ ብዙም አይሰማውም፤ እንደ አዲሱ ያለ የማይንሸራተት ቋሚ ካሊፐር ግን ይሰማዋል። የጎማው ኩሽኔታ ላልቶ እንዳይሆን አስፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ጥፋቱ ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ የቀረ ዝገት ነበር። ተፋቀ፣ ዲስኩ ተመልሶ ታሰረ፣ ቀረ።

የቀረውን ባጭሩ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይጮኻል፤ ሲሞቅ ይተወዋል። ቸርኬው ላይ የሚቀረው የሸራ ብናኝ ከበፊቱ ይበዛል። በብረት ሽቦ የተጠለፉት ቱቦዎች ለፔዳሉ የጨመሩት ትንሽ ነው፤ የድሮው የጎማ ቱቦ ካላረጀና ካላበጠ ለዚያ ብቻ ብላችሁ አትቀይሩ።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሻጩን የፒስተኖቹን ልክ ጠይቁ፤ የማስተራችሁን ልክ ደግሞ ራሳችሁ እወቁ። ትርፍ ጎማችሁንም ካሊፐሩ ላይ ለክታችሁ እዩት። የእኔ አልገባም፤ አሁን ሰፋ ያለ ቸርኬ ያለው ትርፍ ጎማ ነው የምይዘው።