ደብረ ማርቆስ ላይ በእጅ የሚጠመጠመው አምፕሊፋየር፦ አይቼ፣ ሰምቼ፣ ከፍዬ

ለአምፖሎቹ ብላችሁ ከሄዳችሁ ዋናውን ነገር ሳታዩት ትመለሳላችሁ። ከአሁኑ ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ የድሮ የቲዩብ ሬዲዮ (ቲዩብ ማለት እንደ አምፖል የሚበራው የመስታወት ዕቃ ነው) የሚጠግኑ፣ ካዘዛችኋቸው ደግሞ የቲዩብ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ ከባዶ ላሜራ ተነስተው የሚሠሩ ባለሙያ አሉ ሲባል፣ ሁሉም ሰው የሚያስበው ያንን ብርቱካናማ ብርሃን ነው። ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው፣ ቲክቶክ ላይ የሚለቀቀውም እሱ ነው። ወርክሾፑን ዞሬ ካየሁ በኋላ ግን የከፈልኩት ገንዘብ የት እንደገባ ገባኝ። ከቲዩቦቹ ጀርባ የተቀመጠው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ጥቁር ብረት፣ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ነው።

ቤቱ ታፔላ የለውም። "የሬዲዮው ጋሼ" ካላችሁ የባጃጅ ሹፌሮቹ ያደርሷችኋል። ሁለት ክፍል ነው፤ ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ የተከለለች ጓሮ አለች፣ ላሜራ የሚቆረጠውና የሚበሳው እዚያ ነው። እሳቸው እየሳቁ "ፋብሪካው" ነው የሚሉት። ማስጎብኘት ይወዳሉ። ሥራቸውን ትተው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ከሀ ነው የሚጀምሩላችሁ፤ ስለዚህ ባሕር ዳር የምትደርሱበት ሰዓት ካላችሁ ምሳ በልታችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ቀን ይሻላችኋል።

የመጀመሪያው ክፍል ተራ የሚጠብቁ ሬዲዮዎች የተደረደሩበት ነው። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን። ሁሉም የእንጨት ሣጥን፣ ፊታቸው በጨርቅ የተሸፈነ፣ አቧራው ራሱ ዕድሜ ያለው። ከመሃላቸው በባትሪ የሚሠሩም አሉ፣ መብራት ላልገባበት ቤት የተሠሩ። እነዚህ ለቲዩቦቹ ብቻ 90 ቮልት የሚሰጥ ትልቅ ደረቅ ባትሪ ይፈልጉ ነበር፤ ያ ባትሪ አሁን ገበያ ላይ ስለማይገኝ ጋሼ ባለ 9 ቮልቶቹን ትናንሽ ባትሪዎች 10 አድርገው በተከታታይ ይቀጥሉና ያስነሱታል። ቀላል ዘዴ ናት፣ ግን ሬዲዮው ሲናገር የባለቤቶቹን ፊት ማየት ነው።

እኔ ይዤ የሄድኩት የቤተሰብ ሬዲዮ በመብራት የሚሠራው ዓይነት ነው፣ ጣቢያው በደንብ ሲያዝ ጥላዋ የሚጠብ አረንጓዴ ዓይን ያላት። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት ቆሞ የቆየ የቲዩብ ሬዲዮ ዕቃ ቤት ውስጥ ካገኛችሁ ቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ ደርቀዋል፤ አንዱ ሾርት ካደረገ ትራንስፎርመሩን ይዞት ይሄዳል፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ጋሼ የሚያደርጉት ሬዲዮውን ከድሮው ዓይነት ከሚግለው አምፖል ጋር በተከታታይ ማገናኘት ነው። ችግር ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ሬዲዮው ይተርፋል። ከጀርባው የቮልት መምረጫ ካለ እሱንም እዩ። 127 ላይ ቆሞ የኛን 220 ካገኘ አለቀለት።

ጥገናው ጥሩ ነው። የተለወጡትን ካፓሲተሮች በላስቲክ ቋጥረው መልሰው ይሰጧችኋል፣ "ይኼውልህ፣ የበላኸውን እየው" ብለው። ይህችን ወድጃታለሁ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጠጋኝ (ስሙን ልተወው) ከሬዲዮው ሦስት ቲዩብ አውጥቶ ሁለት ነበር የመለሰልኝ።

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ። ቲዩቡ ራሱ የቆየ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ዳዮድ የሚባለውን ቲዩብ ሠራ፣ አሜሪካዊው ሊ ዴ ፎረስት በ1906 መሃሉ ላይ ግሪድ የምትባለውን ሽቦ ጨመረበት፣ ማጉላትም የመጣው ከዚያ ነው። ውስጡ አየር የለም። 6.3 ቮልት የሚያገኝ ክር ካቶዱን ያግለዋል፣ ካቶዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ 250 ቮልት ገደማ ያለው አኖድ ደግሞ ወደ ራሱ ይስበዋል። ግሪዷ መሃል ናት። የቆጋ መስኖ ላይ ያለችውን የውኃ መዝጊያ አስቡ፤ እሷ በጣት ስትነቃነቅ ማሳ ሙሉ ውኃ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ከሸክላ ማጫወቻው የመጣችው ደካማ ሲግናልም ግሪዷን ነው የምትነቀንቀው።

ቲዩብ ስትገዙ መስታወቱ ላይ ያለችውን ብርማ ቅብ እዩ። ወደ ነጭ ከተለወጠች አየር ገብቷል፣ አትግዙ።

ወደ ኋለኛው ክፍል ስትገቡ ግን ጨዋታው ይለወጣል። እዚያ የአንድ ወጣት ተለማማጅ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ከልብስ ስፌት መኪና እጀታ የተሠራ የትራንስፎርመር ሽቦ መጠምጠሚያ፣ ከድሮ ካሴት ቴፕ የተፈታ ቆጣሪ። ቆጣሪዋ 999 ስትደርስ ወደ ዜሮ ስለምትመለስ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጭረት ይደረጋል። ልጁ እየጠመጠመ እያለ ጥያቄ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። "ቆይ ልጄ፣ ንብርብሩን ይጨርስ። ሽቦዋ ከተነባበረችበት ፈትቶ ነው የሚጀምረው።" ልጁ ከገጠር የመጣ ነው መሰለኝ፣ ሌላው ሁሉ ጋሼ የሚላቸውን "አያ፣ አለቀ" ብሎ ነው የጠራቸው። ከዚያ በኋላ ነው ያወራነው።

ለምንድን ነው ይህ ሁሉ ድካም? ቲዩብ ቮልቱ ትልቅ ነው፣ ከረንቱ ግን ትንሽ። ኢኤል 84 የሚባለው (እሳቸው የሚጠቀሙበት ነው) 5,000 ኦም (ኦም ከረንትን የመቋቋም መለኪያ ነው) ገደማ ጭነት ማየት ይፈልጋል፣ ስፒከር ደግሞ 8 ኦም ነው። ሁለቱ ቀጥታ ቢገናኙ አይግባቡም። የሚያስማማቸው ያ ጥቁር ብረት፣ ትራንስፎርመሩ ነው፤ ስሌቱ 25 ለ 1 ይመጣል፣ ማለትም በቲዩቡ በኩል 2,500 ዙር ከተጠመጠመ በስፒከሩ በኩል 100። ግን 2,500ውን ጨርሶ ላዩ ላይ 100 መጠምጠም አይደለም። እንደዚያ ከተሠራ ከፍተኛው ድምፅ፣ የጸናጽሉ፣ የማሲንቆው ጭረት፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ የቲዩቡ ቀጭን ሽቦ፣ በላዩ ትንሽ የስፒከሩ ወፍራም ሽቦ፣ መሃል ወረቀት፣ ደግሞ ቀጭኑ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ብረቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይገጠምም። በአንድ ቲዩብ የሚሠራ አምፕሊፋየር ላይ 48 ሚሊ አምፔር ገደማ ቀጥታ ከረንት ሁልጊዜ በሽቦው ስለሚያልፍ፣ በሁለቱ የብረት ግማሾች መሃል በስስ ወረቀት ክፍተት ካልተተወ ብረቱ በማግኔት ይጠግብና ቤዙ ይሞታል። ወረቀቱን እሳቸው በጣታቸው ዳስሰው ነው የሚመርጡት። የመጨረሻው ቫርኒሽ ውስጥ መንከር ነው፣ እንዳይጮህ። ብረቱ የተፈታው ከተቃጠለ ስታብላይዘር ነው። ይህን ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ግን ብረት ብረት ነው፣ የተቃጠለው ሽቦው ነው።

የውጭዎቹም እኮ በዚሁ ነው የሚኮሩት። የአሜሪካው ማክኢንቶሽ፣ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ከተማ ያለው የድምፅ መሣሪያ አምራች፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ኤምሲ 275 የሚባል አምፕሊፋየር በእያንዳንዱ ጎን 75 ዋት ይሰጣል፤ ትራንስፎርመሮቹን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚጠመጥማቸው። የፋብሪካ ጉብኝት ቪዲዮ ስታዩ ካሜራው ቲዩቡ ላይ ሲቆይ አትታለሉ፣ ቲዩቡን ከሌላ መግዛት ይቻላል። እርግጥ እነሱ ጋር የመለኪያ ዕቃው ሌላ ነው። ጋሼ ያላቸው አንድ ያረጀ ኦሲሎስኮፕ (ሲግናሉን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) እና ቴስተር ነው፣ ሁለት አምፕሊፋየር ጎን ለጎን ብትሰሙ ትንሽ ልዩነት ይኖራቸዋል።

ድምፁስ? የማዳመጫ ክፍል የሚባል ነገር የለም፤ በዋንዛ ሣጥን የተገጠሙ ትልልቅ ስፒከሮች ሬዲዮዎቹ ክፍል ጥግ ላይ አሉ። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ካሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አንዱን አደረጉልን። በእያንዳንዱ ጎን 5 ዋት ብቻ ነው፣ ክፍሉን ግን ሞላው። ዘፋኙ ፊት ለፊት ቆመ ማለት ይቻላል፣ ሳክስፎኑም ትንፋሹ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ይህ "ትክክለኛ" ድምፅ አይደለም። ቲዩቡ የራሱን ነገር ይጨምራል፣ በተለይ ያንኑ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ በስሱ ይደርብበታል፣ ጆሮ ደግሞ ይወደዋል። ሰው ድምፅ ላይ ያምራል። በገና ላይ ግን አልወደድኩትም። በገና ከአውታሯ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራዋ ምክንያት ራሷ የምትነዝር ናት፣ ሌላ ሲደረብባት ወፈረች። ኤሌክትሪክ ቤዝ ላይም ትንሽ ልል ነው፣ እዚያ ላይ ተራ ትራንዚስተር ይበልጠዋል። የሠርግ ጂፓስ የምትፈልጉም ሂሳባችሁን ሌላ ቦታ አድርጉ።

ቅሬታዬን ልናገር። አንደኛ፣ ቀጠሮ አይከበርም። ቀብድ ግማሽ ይከፈላል፣ ከዚያ "በሳምንቱ ደውል" ይመጣል፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ ደረሰኝም የጽሑፍ ዋስትናም የለም፣ ቃላቸው ነው። ሲበላሽ ይሠሩታል፣ ያንን አይቻለሁ፣ ግን ማርቆስ ድረስ መመለስ አለባችሁ። ሦስተኛው የከበደኝ ነው፦ ቲዩቦቹ ላይ መከለያ አያደርጉም፣ "መልኩን ያበላሸዋል" ይላሉ። ልጅ ባለበት ቤት ይህ አይሆንም። መስታወቱ ያቃጥላል። ከታች ደግሞ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ የሚቆየው ቮልት ሰው ይገድላል። እኔ ከጓሮ ላሜራ አስቆርጬ አስገጠምኩ፣ ተጨማሪ ሳይጠይቁ ሠሩልኝ፤ እናንተም ከመጀመሪያው ጠይቁ።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። በዚያው ገንዘብ አዲስ ዘመናዊ አምፕሊፋየር ከነርቀት መቆጣጠሪያው ይገዛል። ከውጭ ከሚመጣ የቲዩብ ዕቃ ጋር ካወዳደራችሁት ግን የትም አይደርስም። ቲዩቦቹ ለብቻ ይታሰባሉ፤ ጋሼ የሚወዱት የስሎቫኪያውን የጄጄን ነው፣ የሚመጣውም ከውጭ በሚመላለስ ሰው ሻንጣ ነው፣ ስለዚህ ስታዝዙ መጠባበቂያ ጥንድ አብራችሁ ያዙ። መብራት የሚዋዥቅበት ሰፈር ካላችሁ ስታብላይዘር ግዴታ ነው። ሙዚቃ ባይኖርም ያው ኃይል ነው የሚበላውና ከፍታችሁ አትውጡ።

ስትረከቡ ደግሞ ቲዩቦቹን ከሶኬታቸው አውጥታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ የትኛው የትኛው ቦታ እንደነበር ምልክት አድርጉበት። ዕቃውን ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ልስቀለው ቢላችሁ እሺ አትበሉ። እግራችሁ ሥር አድርጉት፣ ካስፈለገ የአንድ ሰው ወንበር ክፈሉለት።