ፀሐይ መማር ትወዳለች፦ ዛሬም ለልጄ የምከፍትላት

ለትንንሽ ልጆች በአማርኛ የተሠራ ፕሮግራም ለሚፈልግ ወላጅ ያለማመንታት የምጠቁመው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ነው። እኔ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በኢቲቪ እያየሁት ነው ያደግሁት፤ አሁን ልጄ በስልክ ታየዋለች።

ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ስላየችው ነገር ሁሉ ትጠይቃለች፤ የሚቆጣት የለም። በእኛ ሰፈር ብዙ የሚጠይቅ ልጅ «ለፍላፊ» ይባል ስለነበር፣ ጥያቄዋ በክብር ሲመለስላት ማየት ልቤን ይሞላው ነበር። እጅ መታጠብን የመሰለ የንጽሕና ትምህርት እንኳ ከተረቱ ጋር ተዋሕዶ ስለሚመጣ ስብከት አይሆንም። ቋንቋውም ደስ ይላል! ልጄ ከውጭ ካርቱን የማታገኘውን አማርኛ፣ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ከዚህች ቀጭኔ ትቀዳለች።

ፕሮግራሙን የጀመሩት መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በቃ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለትምህርታዊ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አገኘ። ይገባዋል እላለሁ።

የቆዩት ክፍሎች ምስል እንደ ዛሬው ጥርት ያለ አይደለም፤ ለዓይን ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ልጄን ግን አንድም ጊዜ አላስጨነቃትም።

ከልጃችሁ ጎን ተቀምጣችሁ እዩት። መሀል ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አቁሙትና መልሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ።