«የጠባሳ ማጥፊያ ሙሉ ፓኬጅ» እንዳትገዙ

ፊታችሁ ላይ የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው የምታስታምሙ፣ ይቺን አንብቡ። በቴሌግራም ሦስት ቱቦ ክሬም «ጠባሳን ድራሹን ያጠፋል» እየተባለ በ9,500 ብር ይሸጣል። የአክስቴ ልጅ ገዝታዋለች።

እሷ አልቢኒዝም አለባት። ከፀሐይ የሚከላከለው ሜላኒን ቆዳዋ ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ለዚህም ነው ካንሰሩ ጉንጯ ላይ የወጣው። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሄደ። ስፌቱ ከወጣላት በኋላ ግን ጠባሳው ቀልቶ አበጠ፣ እሷም ደነገጠች። ሻጩ የሚፈልገው ይህችን ሰዓት ነው።

አንደኛው ቱቦ ቫይታሚን ኢ ነው። ይሄ በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ካንሰር ባስወጡ 15 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። የጠባሳቸውን አንዱን ክፍል ተራ ቅባት፣ ሌላውን ቫይታሚን ኢ የተጨመረበት ያንኑ ቅባት ተቀቡ። በአብዛኞቹ ላይ ወይ ምንም አልለወጠም፣ ወይ አባሰው። ሲሶዎቹን ቆዳቸውን አስቆጣቸው። ሁለተኛው ቱቦ የሽንኩርት ጭማቂ ነው፤ እሱም በጥናት ከቫዝሊን መሰል ቅባት ጋር ተወዳድሮ አልበለጠም።

ሦስተኛው ይብሳል። ላዩ ላይ «ጥቁረትን ያነጣል» ይላል። አልቢኒዝም ላለባት ልጅ! ያውም ፎቶዋን ልካለት፣ አይቶ ነው የሸጠላት። የተለጠፈውን ወረቀት ስንልጠው ከሥሩ «ክሎቤታሶል» የሚል ወጣ። ይህ በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቅላትና መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር መሳይ ሽፍታም ያመጣል። እሷንም ሽፍታው አልቀረላትም።

የ«6 ወር ዋስትና» የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። አዲስ ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀላል፣ ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛል። ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ምንም ባትቀቡ እንኳ በ6 ወር ውስጥ የብዙ ሰው ጠባሳ ይሻሻላል፣ ምስጋናውን ሻጩ ይወስዳል። እሷ በሽፍታው ምክንያት ብሯን ስትጠይቀው «ፓኬጁን ስላልጨረስሽ ዋስትናው አይሠራም» አላት። ደግማ ስትጽፍለት ብሎክ አደረጋት።

ብሩስ ይቅር። እኔን ያስፈራኝ «ቢቆስልም ቀጥሉ፣ መርዙ እየወጣ ነው» ብሎ መምከሩ ነው። ካንሰሩ እዚያው ጠባሳው ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ የማይድን ወይም የሚደማ ቁስል፣ እየተላጠ የሚመለስ ቅርፊት ካያችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ናሙና ሊወሰድ ይገባል። ስቴሮይዱ ደግሞ መቅላቱን ለጊዜው ስለሚያበርደው ችግሩን ይሸፍነዋል።

የሚረዳው ነገር ርካሽ ነው። ቁስሉ እስኪዘጋ በሳሙናና በውሃ በቀስታ ማጠብ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ መሸፈን። ከተዘጋ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ በጣት ማሸት። ባርኔጣና ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም፣ ይህ የግድ ነው። ሐኪሞች የሲሊኮን ጄል ወይም የሚለጠፍ ሲሊኮን ያዛሉ፤ ተአምር አይሠራም፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር በትዕግሥት መጠቀም ያስፈልጋል። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ኬሎይድ የሚባለው እያደገ የሚሄድ ጠባሳ ስለሚበዛብን፣ ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ ካደገና ከበላችሁ ሳይገፋ አሳዩት፤ በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና አለው። አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ።

የቻናሉን ስም ያልጻፍኩት በየጊዜው ስለሚቀይረው ነው። በሦስቱ ቱቦዎችና በ6 ወር ዋስትናው ታውቁታላችሁ።