እስስት ልትገዙ ነው? የመረብ ኬጅ ወይስ የመስታወት?

እስስት ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። አይፈረድበትም፣ ያምራል። እኔ ግን ምክር ስጠየቅ መልሼ የምጠይቀው «የቤትህ አየር ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?» ብዬ ነው። እስስት እንደ ውሻ ሳሎን ውስጥ አይዞርም። ዕድሜውን የሚጨርሰው ኬጁ፣ ማለትም የሚኖርበት ሳጥን ውስጥ ነው። አየሩ ካልተስማማው ቀስ እያለ ይታመማል፣ ሕመሙንም ይደብቃል። ዓይኑ ጎድጉዶ ስታዩት ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ኬጁን ለመምረጥ ግን የትኛው እስስት እንደሚገባበት ማወቅ ያስፈልጋል። እሱን በአጭሩ ላስቀድም።

የየመኑ፣ የማዳጋስካሩ፣ ባለ ቀንዱ

ቬይልድ የሚባለው አገሩ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። ራሱ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር አለው። ጠንካራ ስለሆነ የጀማሪ ስህተትን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል። ጠባዩ ግን ቁጡ ነው፤ እጃችሁን ስታስገቡ አፉን ከፍቶ ይቀበላችኋል። ፓንተር የማዳጋስካር ነው። ቀለሙ እንደ አካባቢው ይለያያል፦ የኖሲ ቤ ደሴቱ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፣ የአምቢሎቤው ቀይና ሰማያዊ ይቀላቅላል። ዋጋው ከቬይልድ ይወደዳል፣ እርጥበትም ይበልጥ ይፈልጋል። ባለ ሦስት ቀንዱ ጃክሰን ደግሞ የኬንያና የታንዛኒያ ደገኛ ነው። ሌሊት ቀዝቀዝ ካላለለት አይሆንለትም። ቤታችሁ ሌት ተቀን ሞቃት ከሆነ ተዉት።

የእኔ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ቬይልድ ነው። ወንድ ያልኩት በምክንያት ነው። ሴቷ ከወንድ ጋር ባትገናኝም እንቁላል ትጥላለች። ቆፍራ የምትጥልበት ጥልቅ እርጥብ አሸዋ ካላገኘች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል። ደግሞ ብቸኝነት ይሰማዋል ብላችሁ ሁለተኛ አትጨምሩ፤ መተያየታቸው ራሱ ያስጨንቃቸዋል።

ከዱር የተያዘው ቢረክስም ብዙ ጊዜ ጥገኛ ትላትል ይዞ ይመጣል፣ ውሃም ጠምቶት ነው የሚደርሰው። ቤት ውስጥ የተፈለፈለ ግዙ። ያም ሆኖ ሰገራውን የእንስሳት ሐኪም ይመርምርላችሁ።

ወደ ኬጁ

ለትልቅ ወንድ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ይሁን። እስስት ሽቅብ የሚወጣ እንስሳ ነው፤ ሰፊና አጭር ሳጥን አይጠቅመውም። ኬጁን ወለል ላይ አታስቀምጡት። እስስቱ የሚቀመጥበት ቅርንጫፍ ከሰው ዓይን ከፍ ሲል ይበልጥ ይረጋጋል።

የመረብ ኬጅ ቀላል ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ አየር እንደ ልብ ይገባል ይወጣል። የታፈነ አየር የሚያመጣው የሳንባ በሽታ አያሰጋችሁም ማለት ይቻላል። ችግሩ እርጥበቱም አብሮ መውጣቱ ነው። ደረቅ ቤት ውስጥ የረጫችሁት ውሃ ወዲያው ይደርቃል። ማሞቂያ የሚነድበት ክፍል ውስጥማ ቀኑን ሙሉ ብትረጩም አትደርሱበትም። ቤታችሁ በተፈጥሮው እርጥብና ሞቃት ከሆነ ግን ሳታስቡ መረቡን ግዙ።

የመስታወቱ ተቃራኒ ነው። እርጥበትና ሙቀት ይይዛል። ለደረቅና ለቀዝቃዛ ቤት እሱ ይሻላል። «መስታወት እስስት ይገድላል» የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው። የሚገድለው ሙቀት፣ እርጥበትና የማይንቀሳቀስ አየር አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ከታች በፊት ለፊት የአየር ቀዳዳ ያለው፣ ክዳኑ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መረብ የሆነ ፈልጉ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ንጹሑ ከታች ይገባል። የታችኛው ቀዳዳ ከሌለው የዓሣ ሳጥን ነው፤ ሻጩ ምንም ቢል አትግዙት። አንድ ነገር ግን አለ፦ አንዳንዱ እስስት መስታወቱ ላይ የራሱን መልክ ሲያይ ሌላ ወንድ የመጣ ይመስለውና ይጠቁራል።

ገንዘብ ለሚያጥረው ሦስተኛ መንገድ አለ። መረቡን ግዙና ጀርባውንና ሁለቱን ጎኖቹን በፕላስቲክ ሸፍኑት። አያምርም። ግን ይሠራል።

መብራቱ ላይ አትቆጥቡ

እስስት ያለ ዩቪቢ (ከፀሐይ ብርሃን ጋር የሚመጣ ጨረር) ዲ3 የሚባለውን ቫይታሚን በበቂ አይሠራም። ያለ እሱ ደግሞ ካልሲየም ቢበላም አጥንቱ ላይ አይውልም። እግሩ ይጎብጣል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅተዋል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይተካውም፤ የመስኮት መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል።

የተጠማዘዘው ትንሹ የዩቪቢ አምፖል ርካሽ ነው፤ ጨረሩ ግን ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ያርፋል። ቲ5 የሚባለው ረጅም ቱቦ በኬጁ ወርድ ልክ ያዳርሳል። እኔ ያለ ማመንታት ቲ5 እላለሁ። የክዳኑ መረብም ከጨረሩ የተወሰነውን እንደሚያስቀር ቁጠሩት። ቱቦው እየበራ ጨረሩ ይደክማል፣ ስለዚህ በዓመት አንዴ ይቀየራል። ለሙቀት ተራ አምፖል ለብቻው ይጨመራል። ለቬይልድና ለፓንተር መሞቂያው ቅርንጫፍ ላይ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበቃል። ሌሊት ሁሉም ይጥፋ።

ውሃና ምግብ

ጎድጓዳ ሳህን አትግዙ፤ እስስት የቆመ ውሃን ውሃ ነው ብሎ አያውቀውም። የሚጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው። በእጅ መርጫ መጀመር ይቻላል፤ ሳይዘነጉ መርጨትን ግን ይጠይቃል። ቀኑን ሥራ ላይ የምትውሉ ከሆነ በተሞላለት ሰዓት ራሱ የሚረጭ መርጫ ይሻላችኋል። ጉም የሚያወጣው ማሽን ለቀዝቃዛ ሌሊት እንጂ ለሞቃት ቀን አይደለም። ከኩሱ ጋር የሚወጣው ነጩ ነገር ብርቱካናማ ከሆነ ውሃ አንሶታል ማለት ነው።

የምታበሉት ፌንጣ በእስስቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ሁልጊዜ ዲ3 የሌለው የካልሲየም ዱቄት ነስንሱበት። ዲ3 ያለበት ቫይታሚን በወር ሁለቴ ይበቃል፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ሁሉን ከገዛችሁ በኋላ እንስሳውን በዚያው ቀን አታምጡት። ተክሉን አስገቡ፣ መብራቱን አብሩ፣ ውሃውን ርጩ፣ ባዶውን ኬጅ አንድ ሳምንት አሠሩት። ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት ሙቀቱንና እርጥበቱን መዝግቡ። ቁጥሩ ካልተስተካከለ ፕላስቲኩን ጨምሩ ወይም አንሱ፣ አምፖሉን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። ሲስተካከል ሄዳችሁ አምጡት።