ሞርስ ለተራራና ለሜዳ፦ አራት ትናንሽ ራዲዮዎች ጎን ለጎን

በአማተር ራዲዮ በሞርስ (በነጥብና በሰረዝ) ስትነጋገሩ አምስት ዋት የነበረውን የማስተላለፊያ ኃይል አሥር ብታደርጉት ጭማሪው 3 ዴሲቤል ነው፤ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ኤስ ነጥብ (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ማለት ነው። ስለዚህ ለሞርስ የሚሆን የሜዳ ራዲዮ ሲመረጥ ዋት መቁጠር ትርፉ ድካም ነው። ራዲዮዎቹን የሚለያያቸው ሌላ ነው፦ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ስንት ሚሊ አምፔር ይበላል? ባለቤቱ ሲሳሳት ይችላል ወይስ ይቃጠላል? ስታኞና መበየጃ ይዞ መቀመጥን ይጠይቃል ወይስ ከካርቶኑ ወጥቶ ይሠራል?

| | ኤምቲአር-3ቢ | ኪውሲኤክስ ሚኒ | ኪውኤምኤክስ | ኬኤክስ2 |
|---|---|---|---|---|
| ባንድ (የሞገድ ክልል) በሜትር | 40፣ 30፣ 20 | ሲታዘዝ የተመረጠ አንድ ብቻ | እንደ ዓይነቱ፤ ለምሳሌ ከ80 እስከ 20 | ከ80 እስከ 10 |
| የማስተላለፊያ ኃይል | በ12 ቮልት 5 ዋት | ከ3 እስከ 5 ዋት | 5 ዋት ገደማ | እስከ 10 ዋት |
| ሲያዳምጥ የሚበላው | 20 ሚሊ አምፔር ገደማ | 60 ገደማ | 80 ገደማ | ከ135 ጀምሮ |
| ስፒከር | የለውም | የለውም | የለውም | አለው |
| የአንቴና ቲውነር (አንቴናውን ከራዲዮው ጋር የሚያስማማ) | የለውም | የለውም | የለውም | በተጨማሪ ክፍያ ውስጡ ይገባል |
| አመጣጥ | ተገጣጥሞ | ኪት (ራስ የሚገጣጥሙት) ወይም ተገጣጥሞ | ኪት ወይም ተገጣጥሞ | ተገጣጥሞ |

ሠንጠረዡ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ረድፍ ነው። በሞርስ ፍጥነት የሚለካባት «ፓሪስ» የምትባለው ቃል 50 የጊዜ አሃድ አላት፤ ከእነዚህ የማስተላለፊያው ቁልፍ የሚረገጠው በ22ቱ ብቻ ነው፣ ማለትም 44 በመቶ። ሦስት ሰዓት ሜዳ ላይ ተቀምጣችሁ አንዱን ሰዓት ብታስተላልፉ እንኳ ራዲዮው የማስተላለፊያውን ሙሉ ጅረት የሚስበው 26 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የሚያዳምጥ ያህል ይበላል። በዚህ ስሌት ኤምቲአር-3ቢ ሲያስተላልፍ 0.6 አምፔር ቢወስድ በሦስት ሰዓት የሚጨርሰው 315 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ኬኤክስ2 በ5 ዋት 1 አምፔር ቢስብ 790 ገደማ ይሆናል። በእጥፍ ይበልጣል፤ ግን የኬኤክስ2 የውስጥ ባትሪ 2.6 አምፔር ሰዓት ስለሆነ ለአንድ ቀን ምንም አያሳስብም። ልዩነቱ የሚሰማችሁ መብራት በሌለበት ሦስትና አራት ቀን ስታድሩ ነው።

ኤምቲአር-3ቢ እዚህ ካሉት ሁሉ ቆጣቢው ነው። ስቲቭ ዌበር የነደፈው ራዲዮ ነው፤ ከኪስ አያልፍም፣ በ9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ እንኳ ይሠራል፤ ኃይሉ ግን በ9 ቮልት ወደ 2.5 ዋት ይወርዳል። ቆጣቢነቱን ያገኘው ብዙ ነገር ትቶ ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ጎረቤት ተራራ ላይ ያለ ሰው ቢጠራ ጆሮ ላይ ይጮኻል። መፍትሔው ገመዱ ላይ የራሱ ድምፅ መቀነሻ ያለው ኢርፎን መግዛት ነው። ባንድ የሚቀየረው በተንሸራታች ማብሪያ ነው።

ይህን ራዲዮ የሚገድለው ቮልት ነው። ከ12 ቮልት አይለፍ ተብሏል፤ ሦስት ሴል ያለው የሊቲየም ባትሪ ግን ቻርጅ ተደርጎ ሲነሳ 12.6 ቮልት ነው፣ አራት ሴል ያለው ሊቲየም ፎስፌት ደግሞ አርፎም 13.3 አካባቢ ይቆያል። ርካሹ መላ በአዎንታዊው ሽቦ ላይ 1ኤን4001 ዲዮድ በተከታታይ መበየድ ነው፤ እያንዳንዱ 0.7 ቮልት ያህል ይቀንሳል። ለመጀመሪያው ባትሪ አንድ፣ ለሁለተኛው ከቻርጅ በኋላ ካረፈ ሁለት ይበቃል። ዲዮዱ በስሕተት ተገልብጦ የተሰካን ባትሪም ያግዳል፤ በጨለማ ሽቦ ለሚሰካ ሰው ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

ኪውሲኤክስ ሚኒና ኪውኤምኤክስ ሁለቱም የኪውአርፒ ላብስ ሥራዎች ናቸው፤ ሳጥናቸውም እኩል ነው፣ 95 በ63 በ25 ሚሊ ሜትር። ውስጣቸው ግን አይገናኝም። ኪውሲኤክስ ሚኒ የአናሎግ መቀበያ ነው፤ 200 ኸርዝ ጠባብ ፊልተር አለው፣ ለሞርስ ብቻ የተሠራ ነው። ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ለጆሮ ከሁለቱ እሱ ይመረጣል። መጀመሪያ የወጡት ላይ ድምፅን በራሱ የሚያስተካክል ኤጂሲ አልነበረም፣ ስለዚህ አሮጌ ስትገዙ መኖሩን ጠይቁ። ኪውኤምኤክስ ደግሞ ምልክቱን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራ ነው፤ ብዙ ባንድ ይይዛል፣ በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ዲጂታል ሞዶችንም (በኮምፒውተር የሚላኩ መልእክቶችን) ይሠራል። ኪቱ ከሞላ ጎደል በመቶ ዶላር አካባቢ የሚገኝ በመሆኑ በዋጋ የሚወዳደረው የለም።

ኪት ስትሉ ግን ማግኔታዊ ቀለበት ላይ ሽቦ መጠምጠም ማለት ነው። ኪውሲኤክስ ላይ ሰው የሚያስቸግረው ቲ1 የሚባለው ነው፤ አራት የተለያየ ጥቅል በአንድ ቀለበት ላይ አለ፣ ከእነዚህ አንዱ ተገልብጦ ከገባ ራዲዮው ደንቆሮ ይሆናል። ኪውኤምኤክስ ላይ ደግሞ በየመሀሉ ሽቦ የሚወጣበት ቀለበት አለ። በሁለቱም ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ የሽቦው ቫርኒሽ ሳይነሳ ተበይዷል። ከላይ ሲያዩት ስታኞው ያብረቀርቃል፣ ከስሩ ግን መዳብን አልነካም። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቁት ወይም 360 ዲግሪ ገደማ በሞቀ መበየጃ ላይ ስታኞ አቅልጣችሁ እስኪጨስና ብርማ እስኪሆን ያዙት። ከዚያ ከመቀጠል በፊት በቴስተር ከጥቅሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ለኩ፤ ዜሮ ኦም ገደማ ካላሳየ ነቅላችሁ ድገሙት። ቦርዱ ከተጠናቀቀ በኋላ ይህን መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

ኪውኤምኤክስን ስታዙ ሁለት ምርጫ ይጠብቃችኋል፤ የባንድ ዓይነት እና ቮልት። ቮልቱ የሚወሰነው የውጤት ትራንስፎርመሩ በተጠመጠመበት ዙር ነው። ለ9 ቮልት የተጠመጠመውን 12 ቮልት ብትሰጡት ከመጠን በላይ ያወጣና ቢኤስ170 ትራንዚስተሮቹን ይዞ ይሄዳል። የሜዳ ባትሪያችሁ ሦስት ሴል ሊቲየም ከሆነ ለ12 ቮልት ይጠምጠም። አንድ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባትሪ የሚይዝ ሰው ሶኬቶቹ እንዳይለዋወጡ ቢያደርጋቸው ይሻላል፤ ይህ የተቃጠሉ ትራንዚስተሮች አንዱ ዋና ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ያልተስማማ አንቴና ላይ ቁልፍ መርገጥ ነው። ደግነቱ ቢኤስ170 ርካሽ ነው። ሲቀየር ግን ሁሉም አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ ብትተኩ ቀሪዎቹ የተጎዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ኬኤክስ2ን ዋጋው ከሌሎቹ ይለየዋል፤ ቲውነሩና ባትሪው ሲጨመሩ ከሺ ዶላር በላይ ነው። በዚያ ዋጋ የሚገዛው ዋት ሳይሆን ይቅር ባይነት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ በልክ የተቆረጠ አንቴና ይፈልጋሉ፤ ለ20 ሜትር ባንድ 10.1 ሜትር ያህል፣ ለ40 ደግሞ 20.2 ሜትር ግማሽ ሞገድ ሽቦ ከሚያስማማው 49 ለ1 ትራንስፎርመር ጋር። (የ40ው ሽቦ በ20 ሜትርም ይሠራል፤ በ30 ግን አይሠራም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።) ኬኤክስ2 ግን 9 ሜትር ሽቦ ዛፍ ላይ ጥላችሁ 5 ሜትር መሬት ላይ ብትዘረጉለት ቲውነሩ አንድ ጊዜ ተንጫጭቶ ያስተካክለዋል። በድምፅም ያነጋግራል፣ ስፒከር አለው፣ ሞርስ ገና እየተማረ ላለ ሰው ፊደሉን ስክሪኑ ላይ ያሳያል። የሚያናድደው የውስጥ ባትሪው ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ከራዲዮው ተነጥሎ ስለሆነ ሳጥኑን በየጊዜው መክፈት ግድ ነው።

ከሠንጠረዡ ውጭ ሁለት ራዲዮዎች አሉ። በ2023 የመጣው ኬኤች1 በእጅ ተይዞ ቆሞ ለሚሠራ የተበጀ ነው፤ ከ40 እስከ 15 ሜትር፣ 5 ዋት፣ ስፒከር ያለው፣ ቲውነር በተጨማሪ ክፍያ የሚገባለት፣ የሚያስተላልፈው ሞርስ ብቻ። በትንሿ ዘንግ አንቴናው በ20፣ 17 እና 15 ይሠራል፤ የ4 ሜትሯን የመሬት ሽቦ የረሳ ሰው ግን ማንም አይሰማውም። አይሲ-705 ጥሩ ራዲዮ ነው፣ ነገር ግን ከባትሪው ጋር 1.1 ኪሎ ይመዝናል፣ ቲውነር የለውም፤ ሞርስ ብቻ ለሚሠራ ተራራ ወጪ አይመከርም።

ባንድ ስትመርጡ ፈቃዳችሁን ተመልከቱ። አሜሪካ ያላችሁና የመጀመሪያውን ደረጃ፣ የቴክኒሺያን ፈቃድ የያዛችሁ በሞርስ የሚፈቀዱላችሁ 80፣ 40፣ 15 እና 10 ሜትር ናቸው፤ 30 እና 20 አይፈቀዱም። ስለዚህ ለእናንተ ኤምቲአር-3ቢ ባለ አንድ ባንድ ራዲዮ ነው፣ ለ20 የታዘዘ ኪውሲኤክስም ጌጥ ነው። ከ60 እስከ 15 የሚሠራው የኪውኤምኤክስ ዓይነት 40ንም 15ንም ይሰጣችኋል። ከዚያ ከፍ ያለው የጄኔራል ፈቃድ ካላችሁ የዝቅተኛ ኃይል ሰዎች የሚገናኙበት 14.060 ሜጋ ኸርዝ ክፍት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ይዛችሁ ለመግባት ካሰባችሁ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የፈቃዱን ነገር ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አጣሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ከአየር ላይ ሰዎች ጋር መተዋወቂያ ጥሩ በር ነው።

ምርጫው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መበየጃ የማይፈራ በኪውኤምኤክስ ይጀምር። በአንድ ባንድ የሚረካና ንጹሕ ድምፅ የሚወድ ኪውሲኤክስ ሚኒን ይያዝ። አንቴና መቁረጥ የሚሰለቸው ገንዘቡን ለኬኤክስ2 ያውጣ። ኤምቲአር ቀናት ለሚጓዝና ሞርሱን ለሚያውቅ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም።

ያገለገለ ስትገዙ በአንቴና ፋንታ የሚሰካ 50 ኦም የሙከራ ጭነትና አምፔር መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ጭነቱን ሰክታችሁ ቁልፉን ሁለት ሰከንድ ርገጡ። እየሰማ የማያስተላልፍ ከሆነ፣ ጅረቱም ካዳመጠበት ብዙም ካልጨመረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የማስተላለፊያ ትራንዚስተሮቹ ናቸው፤ ዋጋውን በዚያው አስቀንሱ። ቁልፉ ሳይነካ ነጥብ ወይም ሰረዝ እየደረደረ ከሄደ ደግሞ ከመደንገጣችሁ በፊት መሰኪያውን እዩት፤ ባለ አንድ ጥቁር ቀለበት ሞኖ መሰኪያ የስቴሪዮ ሶኬት ውስጥ ሲገባ አንዱን መስመር ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። ባለ ሁለት ጥቁር ቀለበት የስቴሪዮ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ብትተኩበት ይቆማል።