«48 ኢንች» ተብሎ የተሸጠልኝ የእባብ ሳጥን ወለሉ 39 ብቻ ነው

ገና ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂንያ አካባቢ እባብ የምናሳድግ ሐበሾች ጥቂት ብንሆንም አለን፤ ኤክስፖ ላይ፣ ማለትም እባብና የእባብ ዕቃ የሚሸጥበት ባዛር ላይ፣ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ይህ ለእናንተ ነው። የፕላስቲክ ሳጥን ደርድረው «ለትልቅ እባብ የተዘጋጀ» እያሉ ከሚሸጡት ሰዎች ተጠንቀቁ።

ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ጥግ ላይ ሁለት ጠረጴዛ፣ ከጀርባው እስከ ላይ የተቆለለ ሳጥን፣ ዋጋው በማርከር የተጻፈበት ካርቶን። የካርድ ማሽኑ ሁልጊዜ «ዛሬ አልሠራ ብሏል»። ካሽ ወይም ዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ የሚላክ ገንዘብ) ብቻ። ሳጥኑን የሠሩት እነሱ አይደሉም። የትም ሱቅ የሚገኝ ተራ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ጎኑን በስተው፣ ወረቀት ለጥፈው፣ ዋጋ ጨምረው ይሸጡታል። ይህን እያወቅን የምንከፍለው ድካም ስለሚቀንስልን ነው። በዚህ ቅር አይለኝም። ያንገበገበኝ ውሸቱ ነው።

ዳማ እባቤ ናት፤ ቦአ ከሚባለው ትልቅ የእባብ ዓይነት፣ ሴት። 6 ጫማ ሞልታለች፣ ገናም ታድጋለች፤ በቦአ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። የመስታወት ቤቷ በክረምት አስቸግሮኝ ነበር። የአፓርታማው ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፣ የተረፈው እርጥበት ደግሞ በወንፊት ክዳኑ በኩል ይወጣል። ቦአ 60 በመቶ ገደማ እርጥበት ያስፈልጋታል። እሱ ሲጎድልባት ቆዳዋ በአንድ ጊዜ አይወልቅም፤ እየተቆራረጠ ላይዋ ላይ ይደርቃል። የዓይኗ ሽፋን ሳይቀር ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፕላስቲክ እርጥበቱን ይይዝላታል። የመስታወቱን ቤት ሸጬ ወደ ሳጥን የዞርኩት ለዚህ ነው እንጂ ለርካሽነቱ አይደለም።

ብዙዎቻችን የምንሄድበት ልክ አለ። የወለሉ ርዝመትና ወርድ ሲደመር ቢያንስ የእባቡን ቁመት ይሙላ። 48 እና 24 ሲደመር 72 ኢንች፣ ማለትም ልክ 6 ጫማ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 48 በ24 ነበር። «የወለሉ ልክ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «የተጻፈው ነው» አለኝ ሻጩ። 140 ዶላሩን በዜል ላክሁ። ስልኩን አየት አደረገና ሳጥኑን ከክምሩ ላይ አወረደው።

መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ነው ዓይኔ የገባው። ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። እንደዚያ ባይሆን አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ አይቆለልም ነበር። «እስቲ ለካልኝ» አልኩት። ከኪሱ ሜትር አወጣ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ከአንዱ ጫፍ ጠርዝ እስከ ሌላው ጫፍ ጠርዝ ዘረጋው። ያውም እጀታዎቹን ጨምሮ። «48» አለና ሜትሩን ለቀቀው።

«እሱማ አፉ ነው። እኔ የምልህ ታቹን ነው።»

አላየኝም። ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ እያየ «ላዩም ታቹም ያው አንድ ሳጥን ነው» አለ። ሰውዬው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ድሪል ይዞ ለሚጠብቀው ልጅ በአገጩ ምልክት ሰጠው። እኔ ገና ስለ ወለሉ እያወራሁ ድሪሉ መጮህ ጀመረ። የፕላስቲኩ ፍቅፋቂ ጫማዬ ላይ ይረግፋል። «ቆይ፣ አትብሳ!» ብዬ እጄን ሳነሳ ሻጩ «አይዞህ፣ ለቀዳዳው አናስከፍልም» አለኝ። ልጁ እኔን አንዴ፣ አለቃውን አንዴ አየና ቀጠለ። ለምን በነፃ እንደሚበሱና ለምን እንደሚቸኩሉ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ቤት ገብቼ ወለሉን ስለካው 39 በ17 ሆነ። ድምሩ 56 ኢንች። የዳማ ቁመት 72 ነው። ይህ የመጠጋጋት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ቦታ በመቀያየር ነው፤ ሲበርደው ወደ ሞቀው ጫፍ ይሄዳል፣ ሲሞቀው ይመለሳል። ማሞቂያውን በአንደኛው ጫፍ ሥር አድርጌ በቴርሞስታት (በሙቀት መቆጣጠሪያ) 90 ፋራናይት ላይ ያዝኩት። ዳማ ስትጠቀለል ግማሹን ወለል ትሸፍነዋለች። መመለሻ ቦታ የላትም።

ክዳኑ ደግሞ የባሰ ነው። መቆለፊያ ያለው በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ብቻ ነው። በረጃጅሞቹ ጎኖች ምንም የለም፤ መሀሉ ላይ በአንድ ጣት ሲገፋ ይነሳል። ቦአ ማለት ጡንቻ ነው። ሌሊቱን በራሷ እየገፋች የሚላላውን ቦታ አገኘችው። ጠዋት ሳጥኑ ባዶ ነው። ክዳኑ በአንድ ጎኑ ተንጋዷል፣ መቆለፊያዎቹ ግን እንደተቆለፉ ናቸው። ልብሴን አራገፍኩ፣ ሶፋውን ገለበጥኩ። የተገኘችው ማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሞተሩ የሚሞቅበት ጋ ነው። አፍንጫዋ ላይ ደም አለ። ቀዳዳዎቹን የበሱት ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ ሹሉ ሁሉ የቀረው በእሷ በኩል ነው። ጣቴን ከውስጥ በኩል ባስኬደው እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። መውጫ ስትፈልግ አፍንጫዋን እዚያ ላይ ስትፈትግ አድራለች።

የእኛ ቤት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ ዳማ ስለመጣች ቤቴን መርገጥ ትታ ነበር። ስንት ተለምኖ፣ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈች ስንቴ ተምሎላት፣ ገና ቡና ልትጠጣ መምጣት ጀምራ ነበር። ማቀዝቀዣው ጀርባ ተገኘች የሚለውን ከሰማች በኋላ «በጠበል እስኪረጭ አልመጣም» ብላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? እውነቷን ነው፣ ወጥታለች።

ኤክስፖው እሁድም ስለነበረ ሳጥኑን ተሸክሜ ተመለስኩ። ሜትር ይዣለሁ፣ የአፍንጫዋን ፎቶ ይዣለሁ። ሻጩ ሳጥኑን ገና ከሩቅ ሲያየው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገ። «የተበሳ ዕቃ አይመለስም።»

«የበሳኸው አንተ ነህ እኮ! አትብሳ እያልኩህ!»

«ለአንተ ነው የተበሳው።»

ሜትሩን ወለሉ ላይ ዘርግቼ 39 የሚለውን አሳየሁት። አላጎነበሰም። ፎቶውን ዓይኑ ሥር አቀረብኩለት። እሱን አየ። ከዚያ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «እናንተ አገር በድንጋይ አይደል እንዴ የምትገድሉት? ይኼ አነሳት?» አለኝ። አጠገቡ የቆመችው ገንዘብ ተቀባይ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ድሪል የያዘው ልጅ አቀረቀረ። እኔ ቃል አጠረኝ። ያቺን እንስሳ ከጣት ትንሽ ከምትወፍርበት ጊዜ ጀምሮ አሳድጌአታለሁ፤ እኔ በልቼ ሳልጠግብ የእሷን አይጥ ገዝቻለሁ። ሰውዬው ግን ከእኔ በላይ አሻግሮ «ቀጣይ!» አለ።

140 ዶላሬ አልተመለሰም። ዜል አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ዕቃው እንደተባለው አይደለም ብሎ ለባንኩ ማመልከት ይቻል ነበር። ካርድ የማይቀበሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ለመግዛት የምትሄዱ ካላችሁ ሜትር ያዙ፣ የውስጡን ወለል ራሳችሁ ለኩ። ክዳኑን ገጥማችሁ የረጅሙን ጎን መሀል በጣት ወደ ላይ ግፉት፤ ከተነሳ ለቦአም ለፓይተን እባብም አይሆንም። ቀዳዳውን ቤታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ብሱና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ እነሱ እንዳይነኩባችሁ። የካርድ ማሽኑ አይሠራም ካሏችሁ ጥላችሁ ሂዱ።