ለፈንዱ ቢሮ ልታመለክቱ ላሰባችሁ

ድሬዳዋ ያለ አንድ የሠራተኞች ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኞች ሲወጡ ጠቅልለው የሚወስዱት ቁጠባ) የሒሳብ ባለሙያ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰሞኑን በየቴሌግራሙ ሲዞር አየሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ከዚያ ቤት የለቀቅሁት በቅርቡ ስለሆነ ለሚያመለክት ሰው የማውቀውን ልንገር። ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱም የባልደረቦቼ ናቸው።

ደመወዙ ለድሬ ደህና ነው፣ በቀኑም ይገባል። ቢሮው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ የግንቦትን ሙቀት የሚያውቅ ይህን አይንቀውም። አብረውኝ የሠሩት ልጆች የአባላቱን ሒሳብ በቃላቸው ያውቁታል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ከላይ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ደህና ተደርጎ የተጻፈ ነው፦ ብድር ከአባሉ ተቀማጭ ግማሽ አይበልጥም፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት ተሰብስበው ይፈርማሉ። በመስኮት በኩል ለሚመጣ ሰው አንዲት ነጥብ አትጎድልም። ከገንደ ቆሬ የመጡ አንድ የቀድሞ ጥበቃ፣ የቀበሌ መታወቂያቸው ጊዜው አልፏል ተብለው ገንዘባቸውን ሳይወስዱ ተመለሱ። መመሪያ ነውና አልከራከርም። በዚያው ሳምንት ግን ከሥራ አስኪያጁ ክፍል አንድ የብድር ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። የብድሩ መጠን ተበዳሪው ካለው ተቀማጭ በላይ፣ ቃለ ጉባኤው የተያዘው እሑድ ቀን፣ ሦስቱም ፊርማ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ እስክሪብቶ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ደግሞ ያን ሰሞን ጅቡቲ ነበር። ክፍያው ቀድሞ ወጥቷል፤ ከእኔ የሚፈለገው መመዝገብ ብቻ ነው።

በጽሑፍ ጠየቅሁ። አለቃችን አይቆጡም፣ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ሻይ አዘዙልኝና «አንቺ ደግሞ ወረቀት ታበዣለሽ፤ ሰውየው እኮ የራሳችን ሰው ነው» አሉኝ። በነጋታው ክቡ ማኅተም ከገንዘብ ያዥዋ መሳቢያ ወጥቶ እሳቸው ቦርሳ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው አዲስ አበባ ሲሄዱ ማኅተሙም አብሮ ይሄዳል። አባላት «ነገ ተመለሱ» እየተባሉ የባጃጅ ገንዘብ ይጨርሳሉ፤ ስድቡን የምትቀበለው ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ናት።

የቢሮ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። በአዋጁ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜ ልኩን በየወሩ አበል ይቆረጥለታል። ፕሮቪደንት ፈንድ ግን ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ሲወጣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከአባሎቻችን አንጋፋዎቹ ያኔ በዚያው የቀሩ ናቸው። ሲወጡ በስማቸው የተጠራቀመውን ጠቅልለው ይወስዳሉ፣ አለቀ። ባንክ ያለው ገንዘብ ከአባላቱ ሒሳብ ድምር ካነሰ የእኛ ቤት ሌላ ኪስ የለውም። ጉድለቱም ዛሬ አይታይም፤ የሚታየው ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲወጣ ነው፣ ያኔ ደግሞ ፈራሚውም የለም።

የውጭ ኦዲተር ይመጣል፤ የትኛው ፋይል እንደሚቀርብለት ግን ቀድሞ ይነገረን ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም እየተባለ ይተላለፋል። አቦ፣ እንዴት ይሟላ? ጥሪው የሚለጠፈው ቢሮው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው፤ መልካ ጀብዱ ያለ ሰው በምን አይቶት ይምጣ?

ሥራ ጠፍቶ ከምትቀመጡ ግቡ፣ አልከለክልም። የሥራ ዝርዝራችሁን ግን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከክፍያ በኋላ «መዝግቡት» የሚባል ፋይል ሲመጣም ተቃውሟችሁን በደብዳቤ አድርጉና መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥታችሁ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። አባል የሆናችሁ ደግሞ የሒሳብ መግለጫችሁን በየዓመቱ ጠይቁ። ማኅተም ባይኖርም የመስኮቷ ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍታ ታነብላችኋለች፤ ብቻ ከምሳ በፊት ድረሱ፣ ከሰዓት ማንንም አታገኙም።